ስርዝ ቃል ይዤ ሰመራ

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ሙቀት ሲጽፍ ሙሉ በሙሉ መታመን የለበትም። እኛ ፀሐይ ትንሽ ጠንከር ስትል ጃንጥላ የምንዘረጋ፣ ጥላ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ጋቢ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ስለዚህ ስለ አዋሽና ስለ ሰመራ ሙቀት የምጽፈውን አንባቢዬ ግማሹን ቀንሶ ያንብበው። ስለ ሰዎቹ የምጽፈውን ግን አይቀንስብኝ። እሱን እኔ ራሴ አሳንሼ ነው የጻፍኩት።

ወደዚያ የወሰደኝ ሥራ ነው። የፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኛ ነኝ። ለክልሉ ዳኞች ስለ ሕግ አተረጓጎም የአንድ ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተጋበዝኩ፤ አልዋሽም፣ ኮራሁ። ስድሳ ገጽ ስላይድ አዘጋጀሁ። የአንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ሐሳብም ከተትኩበት፦ ማንም አንባቢ ወደ ጽሑፍ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ዕድሜውንና ወገኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ ስለዚህ ሌላውን ሳይሰማ መረዳት የለም፤ መረዳትም ጽሑፉን ለዛሬ ጉዳይ ከማዋል ተለይቶ የሚኖር ነገር አይደለም፤ ለዚህም ዋናው ምሳሌ ዳኛ ነው ይላል። ባለቤቴ ስላይዱን አይታ «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለችኝ።

ከስላይዱ ጋር ሌላም ነገር ተሸክሜ ነበር፤ ያልወሰንኩት ጉዳይ። አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰናይት ልበላት፣ ስሟ አይደለም። ጉዲፈቻው በወጉ ስላልተፈጸመ ያለ ኑዛዜ ምንም አይደርሳትም። ኑዛዜ አለ፤ ቤቱን ለእሷ ይሰጣል፤ አራት ምስክሮች ፈርመውበታል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡም እዚያው ኑዛዜው ላይ መገለጽ አለበት፣ አለዚያ ዋጋ የለውም ይላል። የሰናይት ወረቀት ላይ «ተነበበ» የሚል ነገር የለም። አራቱም ምስክሮች ቀርበው «ተነቧል» ብለዋል። የሟች የወንድም ልጆች ጠበቃ ደግሞ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ከምስክሮቹ አንዷ ስማቸውን ከመጻፍ በቀር ማንበብ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ስርዝ አለው፤ «በቤቴ ለምትኖረው» የሚለው ተሰርዞ ከላዩ «ለልጄ» ተብሎ ተጽፏል፣ አጠገቡ የሟች ፊርማ አለ። «እሷ ናት ያጻፈችው» ይላል ጠበቃው።

ለፊደሉ ብፈርድ ሰናይት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኖረችበት ቤት ትወጣለች። ለዓላማው ብፈርድ ሕግ አውጪው በግልጽ የጻፈውን ቃል እንደሌለ ልቆጥር ነው። ለሁለቱም የፍርድ ረቂቅ ጽፌአለሁ፤ ሁለቱም ያሳምናሉ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከደብረ ብርሃን ጋቢ ተከናንቤ ተነሳሁ። ጋቢውን አዲስ አበባ፣ ሹራቡን አዳማ፣ ኮቱን መተሐራ አወለቅኩ፤ አዋሽ ስደርስ የሚወልቅ አልቀረኝም። ከመናኸሪያው ስወርድ የተቀበለኝ ንፋስ እኛ አገር ከዳቦ ቤት በር ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ዳቦ የለውም።

ያረፍኩት ጋሽ ኢብራሂም ቤት ነው፤ የፍርድ ቤታችን ሬጅስትራር አባት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ የሁዳዴ ጾም ላይ እንደሆንኩ ማንም ሳይነግራቸው በአዲስ ድስት ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። «ድስቱ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፣ አይስጉ» አሉኝ። «የጣቢያው ሠፈር እንዲህ ነው። የናንተን ጾም እኛ እንቆጥራለን፣ የኛን ረመዳን ጎረቤቶቻችን ይቆጥራሉ።» እኔ ቤት አንድ ሙስሊም ቢያርፍ ስለ ድስት የማስብ አይመስለኝም፤ ይህን ያሰብኩት ሽሮውን እየበላሁ ነው።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ኢብራሂም ጣቢያውን አሳዩኝ። ሐዲዱ ዝጓል፣ ፍየሎች ተኝተውበታል። አንድ ባዶ ክፍል ግድግዳ ላይ የሁለት ብሎን ቀዳዳ አሳዩኝ።

«ስልኩ እዚህ ነበር» አሉ። «ከመተሐራ ጣቢያ ይደወላል። ይሄ ባቡር ሊነሳ ነው፣ መስመሩ ነፃ ነው ወይ ይለኛል። እኔ የነገረኝን አንድ ሳላጎድል ደግሜ እነግረዋለሁ። ያኔ ነው ባቡሩ የሚለቀቀው።»

«ገባኝ ቢሉትስ?» አልኳቸው።

«ገባኝ የሚባል ነገር ባቡር ላይ የለም። ገባኝ ማንም ይላል። ምን እንደገባው የሚታወቀው ሲደግመው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በኔ ዘመን ባቡርና ባቡር አልተገናኘም።»

የጡረተኛ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን አላወቅኩም።

ረቡዕ

ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚሄደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች በሩቅ ሲታዩ የሚሄዱ አይመስሉም፤ በሙቀቱ ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፣ ከዚያ ድንገት አጠገባችን ደርሰው ሚኒባሱን ወዝውዘውት ያልፋሉ። ገዋኔን እንዳለፍን ሜዳው ተከፈተ። ሸዋ ውስጥ ዓይን ሩቅ ሳይሄድ ተራራ ያገኛል፤ እዚህ ዓይኔ ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት አጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይ ትልቅ መሆኑን አየሁ፤ ፈራሁም። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

አዳይቱ ላይ ጎማ ፈነዳ። ወርጄ ሳማትር የቀኝ ጫማዬ ሶል ቀለጠና ተላቀቀ። ለዚህ ጉዞ ብዬ የገዛሁት ጫማ ነው። ረዳቱ ቀና ብሎ አይቶኝ «እዚህ ጫማ በማስቲሽ አይኬድም፣ ጋሼ» አለና ሥራውን ቀጠለ። ሻይ ቤት ያላት ዘነበች የምትባል የወሎ ሴት ከቤት ገብታ የባሏን ነጠላ ጫማ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።

«ልግዛው?» አልኳት።

«ምኑ ይገዛል? ሲመለሱ ያስቀምጡልኛል።»

«ባልመለስስ?»

«ዳኛ ነኝ አላሉም?» አለች፣ ሻዩን እየቀዳች።

አመሻሽ ላይ ሎጊያን አልፈን ሰመራ ገባን። ሰፊ አስፋልት፣ የቢሮ ሕንፃ፣ ከዚያ ወዲያ ምድረ በዳ። ሆቴሉ ውስጥ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስከፍት የፈላ ውሃ ወረደብኝ። ሙቁን አልሞከርኩትም።

ሐሙስ

በነጠላ ጫማና በሙሉ ልብስ አዳራሽ ገባሁ። ስላይድ ሦስት ላይ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሞተ፣ ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ፣ ሠላሳ ዳኞች አዩኝ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ስላይድ አምስት ላይ ነበር።

በጭንቀቴ የአጎቴ የመሪጌታ ጉባኤ ቤት ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ የመጽሐፍ ትርጓሜ ሲያስተምሩ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አንዱን ንባብ ይሉና ይተረጉማሉ፤ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም»። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። እሱን ነገርኳቸው። አጎቴ ግን የቱንም ያህል ትርጉም ቢደራርቡ ማታ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ዳኛ ግን ከአንድሞቹ አንዱን መርጦ አንድ ሰው ከቤቱ ያስወጣል አልኳቸው። ከዚያ ስም ሳልጠራ፣ ከተማ ሳልጠቅስ የኑዛዜውን ጉዳይ ለውይይት አቀረብኩ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ላባችንን እየጠረግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተከራከርን፤ ስለ «መገለጽ አለበት» እና ስለ «ዋጋ የለውም» የተባለው እኔን ራሴን አስገረመኝ። መልስ ግን አልተገኘም።

ሲያልቅ ዓሊ የሚባል የሎጊያ ልጅ የሆነ ወጣት ዳኛ መጣ። «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ወረቀቱ ነው ያወራነው» አለኝ። «ነገ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ወረቀት የላቸውም። ይመጣሉ?»

ዓርብ

ጠዋት በባጃጅ ከሎጊያ ወጣ ብለን ከአንድ ግራር ሥር ደረስን። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ያሉት ሐጂ ሁመድ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጺማቸው በሒና የቀላ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ። ጉዳዩ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ሁለት ጎሳዎች በተራ ማጠጣት ላይ ተጣልተው አንድ ሰው ቆስሏል። ዓሊ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ። ቀን ጠራ፣ ሰው ጠራ፣ ግመል በቀለም ጠራ። ሲጨርስ የሌላው ወገን ሰው ተነሳ። መልሱን ሊጀምር ነው ብዬ ነበር። ዓሊ «ገና ነው» አለኝ። ሰውዬው የጠላቱን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ግመል። የሚጎዳውን ክፍል እንኳ ድምፁን ሳይቀይር አለው። መጨረሻ ላይ ያኛው «አንድ ነገር ጎደለህ፤ ጉድጓዱን የቆፈረው የማን አባት እንደሆነ አላልክም» አለው። «ልክ ነህ» ብሎ እሱንም አለ። ያኛው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ሲል ብቻ መልሱን ጀመረ።

እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ፀጉሬ ቆመ። ስድሳ ገጽ የጻፍኩለት ነገር፣ ሌላውን ሳይሰሙ መረዳት የለም የሚለው፣ አሸዋ ላይ በነጠላ ጫማ ተቀምጦ ነበር። በእኛ ችሎት ጠበቃ የባላጋራውን ክርክር በባላጋራው አፍ ልክ ደግሞ ሲናገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን አልሰማሁም። እኔም ደግሜ አላውቅም።

ሸንጎው ለዕረፍት ሲነሳ የግመል ወተት በእንጨት ዕቃ ቀረበልኝ። ዓሊ ጾሜን አስረዳ። ሐጂ ሁመድ አዩኝና «መንገደኛንም ይከለክላል ሕጋችሁ?» አሉ።

«አባቶች ይለያዩበታል» አልኩ።

ሳቁ። «ሕግ የትም አንድ ነው» አሉና ወተቱን አስነስተው ውሃና ቴምር አዘዙልኝ።

ከዚያ ዓሊ የኔን ጭንቀት አነሳላቸው፤ ንገራቸው ሳልለው ነው። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌውን፣ ልጅቷን፣ ወረቀቱን፣ ስርዙን፣ ምስክሮቹን። ስጨርስ ራሳቸው የነገርኳቸውን ደገሙልኝ። ዓሊ እየተረጎመ የገዛ መዝገቤን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። አንድ ነገር አልጎደለም። ልጅቷ ስትጠራ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እኔ ስነግራቸው ዝቅ ማለቴን አላስተዋልኩም ነበር።

«ልክ ነኝ?» አሉ።

«ልክ ነዎት።»

«እነዚያ አራት ሰዎች ምን ሰሙ?»

«ተነቧል ብለዋል።»

«እሱን ነግረኸኛል። ምን ሰሙ ነው ያልኩህ።»

ዓሊን አየሁት፤ ተርጓሚው የተሳሳተ መስሎኝ ነው። ዓሊ ግን አልተሳሳተም። ሁለት ዓመት በቆየ መዝገብ፣ አራት ምስክር አሰምቼ፣ ተነቧል ወይስ አልተነበበም ብዬ ጠይቄ፣ «ተነቧል» ሲሉኝ ጽፌ አሰናብቼአቸዋለሁ። ጆሯቸው ውስጥ ምን እንደቀረ አልጠየቅኩም። ሕጉ አራት ሰው ይሰብሰብ፣ ይነበብላቸው ያለው ለምን ሆነና?

«ወረቀቱ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ትጠብቃለህ» አሉ ሐጂ ሁመድ። «ሊመሰክርም ይችላል። መጀመሪያ ግን ጆሮ ያላቸውን ጠይቅ።» ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ጸሎት ደርሶ ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ እዚያ ግራር ሥር ነው ያወቅኩት።

ቅዳሜ

ዓሊ ሎጊያ ጋራዥ ውስጥ የጫማዬን ሶል በሚስማር አስመትቶ አመጣልኝ። አዳይቱ ስንደርስ ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩና ነጠላ ጫማውን ለዘነበች መለስኩላት። አገላብጣ አየችውና «አጥበውታል ደግሞ» አለች። ባሏ ከጓዳ ብቅ ብሎ በባዶ እግሩ ሰላም አለኝ። አራት ቀን እንዴት እንደቆየ አልጠየቅኩትም።

አዋሽ ማታ ለጋሽ ኢብራሂም ሁሉን ነገርኳቸው። ወይዘሮ ሐሊማ ያችኑ ድስት እያወጡ ይሰሙ ነበር።

«ይሄንን ለመስማት ሰመራ ሄድክ?» አሉኝ ጋሽ ኢብራሂም። «ማክሰኞ ነግሬህ አልነበር?»

«ነግረውኛል።»

«ምን ነበር ያልኩህ?»

የጣቢያውን ስልክ፣ መተሐራን፣ ገባኝ አይባልም ያሉትን ደገምኩላቸው። ባቡርና ባቡር አልተገናኘም ያሉትን ረስቼው ነበር፤ እሱንም አስታወሱኝ።

ደብረ ብርሃን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ወደ ብርዴ ተመለስኩ። ስለ ጉዞው የምጽፈው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ግን ጉዞው ያለቀው በችሎት ነው። ምስክሮቹ ለማጣሪያ ጥያቄ እንደገና እንዲቀርቡ አዘዝኩ። ጠበቃው ተቃወመ፤ ተቃውሞውን መዝግቤ አለፍኩ።

ሦስቱን ምስክሮች በየተራ «ምን ሰሙ?» አልኳቸው። አንዱ ቤቱ ለሰናይት መሰጠቱን ብቻ ያስታውሳል። ሁለተኛው ቀኑንም ተሳሳተ። ሦስተኛው «ተነቧል አልኩ'ኮ» ብሎ ተቆጣ። ተስፋ መቁረጥ ጀመርኩ፤ ሰናይት ከኋላ አግዳሚ ላይ እጆቿን ጉልበቷ መሐል ከትታ ተቀምጣለች።

በመጨረሻ ማንበብ አይችሉም የተባሉት ወይዘሮ አስካለ ገቡ። የሟች ጎረቤት ናቸው።

«ወይዘሮ አስካለ፣ የዚያን ቀን ምን ሰሙ?»

«ከመጀመሪያው ልበለው?»

«ከመጀመሪያው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። እኔ ወረቀቱን ከፍቼ በጣቴ ተከተልኳቸው። ስም፣ አድራሻ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ቀብሬ እዚህ ቦታ። ጣቴ ከአፋቸው እኩል ይሄድ ነበር። ማንበብ የሚችሉት ሦስቱ ወረቀቱ ይይዘዋል ብለው ትተውታል፤ እሳቸው የሚይዝላቸው ወረቀት ስላልነበረ በጆሯቸው ያዙት። ጣቴ ስርዙ ላይ ሲደርስ ወይዘሮ አስካለ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ጸሐፊው ‹በቤቴ ለምትኖረው ለሰናይት› ብሎ አነበበ። እሳቸው ከአልጋው ቀና አሉና ‹ቁም› አሉት። ‹በቤቴ የምትኖረው ምንድነው? ድመቷም በቤቴ ትኖራለች። ልጄ ብለህ ጻፍ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያለችኝ ልጄ ናት› አሉ። ሰረዘና ጻፈው። ‹አሁን አንብብ› አሉት። አነበበው። ‹ሰማችሁ?› አሉን። ሰማን አልናቸው። ከዚያ ፈረሙበት።»

ወረቀቱን አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንከን ነው ስንለው የኖርነው ስርዝ መነበቡን የሚናገረው የወረቀቱ ምልክት ነበር። ሳይነበብላቸው ሊያርሙት አይችሉም፤ ሳይሰሙትም «ቁም» አይሉም። ሕጉ ወረቀቱ ይናገር አለ፤ ወረቀቱ ተናግሯል፤ ማንበብ ያልቻልነው እኛ ነን። በኋላ ፍርዱን የጻፍኩት በዚሁ ላይ ነው፤ ቤቱ የሰናይት ሆነ።

ያን ሰዓት ግን ገና አልፈረድኩም። ሰናይት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች፤ በዚህ ኑዛዜ ላይ ሁለት ዓመት ስንከራከር አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ብለን አላነበብነውም፣ ልጄ መባሏን በሰው ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጠበቃው ሊቃወም ከመቀመጫው ተነሳ። አጠገቡ የተቀመጠው የሟች ወንድም ልጅ፣ ክሱን የመሠረተው ራሱ፣ የጠበቃውን ኮት ያዘ።

«ይተዉት» አለው፣ ወደ መሬት እያየ። «ይሄ የጋሼ አነጋገር ነው።»

ምን እንዳለ ለችሎቱ ጮክ ብሎ እንዲደግመው ጠየቅኩት። ደገመው። ቃሉን እንዳለ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያም መልሼ አነበብኩለት።